የወተት ጣሳ የታሰረበት ማርሚታ

ልጄ ስትታመም አረብኛዋ ይመጣል። ደህና ስትሆን ከእኔ ጋር በአማርኛ ስትነታረክ የምትውል ልጅ፣ ያን ሰሞን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገና በሩ ላይ ቦርሳዋን ጥላ «ማማ፣ ራሲ» ትላለች። ራሴን አመመኝ ማለቷ ነው። ከዚያ ወለሉ ላይ ዘፍ ትላለች። ጉንጯን ቀዝቃዛው ሴራሚክ ላይ ለጥፋ ትተኛለች፣ ተነሥታ ታስታውካለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። ምሳ አትቀምስም፤ ውሃ እንኳ አይረጋላትም። ሲመሻሽ ይሻላታል። ጁምዓና ቅዳሜ ቤት ስትውል ድና ስትቦርቅ ትውላለች። እሑድ ትምህርት ቤት ሄዳ ስትመለስ ያው ነው።

በፈረንጆቹ 2016 ነው፤ ትምህርት ተጀምሮ ሙቀቱ ግን አልለቀቀንም ነበር። የምንኖረው አረብ አገር፣ አል ኹበር አል-ጀኑቢያ፣ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ምድር ቤት ነው። በፊት ደማም፣ አል ፈይሰሊያ ነበርን። ቤት ስንቀይር የልጅቷን ትምህርት ቤት መቀየር አቃተን፤ ለዝውውሩ የታደሰ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ ይፈለጋል፣ የባሌ ኢቃማ ደግሞ ካለቀ ቆይቷል። ደማም ኢንዱስትሪ ከተማ የመጋዘን ሠራተኛ ሆኖ የሚሠራበት ድርጅት ሥራ አቁሞ፣ ካፊሉ፣ ወረቀቱን የያዘለት አሠሪው፣ ስልክ ሲደወልለት «ቡክራ ኢንሻአላህ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የማያውቅ ሆነ። ያ ቡክራ የሚሉት ነገ ግን መቼም አይመጣም። የእኔም የልጄም ወረቀት በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ እሱ ሲወድቅ አብረን ወደቅን።

በትልቁ ሆስፒታል ኢቃማችንን አይተው «ማፊ»፣ የለም፣ ብለው መለሱን። ልጄ ትከሻዬ ላይ ራሷን ጥላ፣ ሰውየው ኮምፒውተሩን እያየ «ማፊ፣ ማፊ»! ደሜ ፈላ። ግን ምን አባቴ ላድርግ? ብጮህ የሚጠሩት ፖሊስ ነው። ተሸክሜያት ወጣሁ።

ወረቀት የማይጠይቅ ትንሽ ክሊኒክ አገኘንና አንድ ግብፃዊ ሐኪም አያት። የዐይኗን ቆብ ገልጦ ደም ማነስ ነው አለ። «ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የለም።»

«ከሰል? ጭስ?»

«የለም አልኩህ እኮ ዶክተር!»

ጥቁር ሽሮፕ ጻፈልን። ልጄ ሽሮፑን እየጠጣች ጥርሷ ጠቆረ እንጂ ሌላ ለውጥ አልመጣም። እንዲያውም አንድ ቀን አባቷ ከመኪናው ሲያወርዳት አልነቃ አለችው። ስሟን እየጠራ በጥፊ መታት። ውሃ አፈሰስኩባት። ዐይኗን ስትገልጥ እኔን አላወቀችኝም። ወላሂ፣ ያን ጊዜ ልጄን እያየኋት ልትሄድብኝ ነው አልኩ፤ ለባሌም ፊት ለፊት ነገርኩት። ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

ሐኪም ካላወቀው ዓይን ነው። እንዲህ ነበር የወሰንኩት። ዓይኑ የማን እንደሆነም ለመፈለግ አልደከምኩም፤ የግቢያችን ልብስ ሰፊ ናቸው። እኚህ ሴትዮ ዕድሜያቸውን እዚሁ የጨረሱ፣ ልጆቻቸውን ዳር ያደረሱ የአገራችን ሰው ናቸው፤ እትዬ ነበር የምላቸው። ትምህርት ሊጀመር ሲል የልጄን ቀሚስ ሲለኩ «ይቺ ልጅ ግን እንዴት ነው የምታምረው! ፀጉሯ ራሱ ገመድ ነው እኮ!» አሉ። ዓይን የሚመልስ ማሻአላህ የለ፣ ምን የለ። መርፌያቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲያ ነው ልጄ የታመመችው።

እዚህ አገር እንዲህ ሲሆን የሚደረገው ይታወቃል። ዓይን ያለበትን ሰው ትራፊ ወስደህ በሽተኛው የሚታጠብበት ውሃ ውስጥ ትጨምራለህ። እኔም እትዬን ሻይ ጠራኋቸው። ጠጥተው ሲወጡ ብርጭቆአቸው ውስጥ የቀረችውን ጠብታ በጀሪካን ውሃ በጥብጬ ልጄን አጠብኳት። በማግስቱም ጠራኋቸው። እንደገናም ጠራኋቸው። ሴትዮዋ ሻይ ጠጥተው አያውቁም ይመስል በየቀኑ ሻይ! ልጄ የእትዬን ትራፊ ሻይ ታጥባ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ስትመለስ ያው ወለሉ ላይ ነች።

በዚህ መሀል የትምህርት ቤቷ ሙዲራ፣ ዳይሬክተሯ ማለት ነው፣ ደወለች። ልጅቷ ቀሪ በዝቶባታል፣ አንድ ቀን ከደገማት ስሟ ይሰረዛል አለች። አንዴ ከተሰረዘች ኢቃማ በሌለው አባት መልሶ የሚመዘግባት የለም። ስለዚህ ምን አደረግን? እያመማት ላክናት። ምን ምርጫ ነበረን?

መኪናችን አሮጌ ቫን ነበረች። ባሌ ሥራው ከቆመ በኋላ ለአጭር ለአጭር መንገድ ሰው እያመላለሰባት ስለነበር እንደ ሙሽራ ይንከባከባታል፤ በየጠዋቱ ወንበሩ ላይ ሽቶ ይረጫል። እሱ ፊት ሲቀመጥ በእሱ በኩል ያለው መስታወት ተበላሽቶ እስከ መጨረሻው አይዘጋም። የኋላዎቹ መስኮቶች ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ የማይከፈቱ ናቸው። ልጄ ጠዋት ፊት ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ትሄዳለች፤ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ግን ኋላ ትገባና አግዳሚው ወንበር ላይ ተጋድማ፣ ኤሲው እየነፈሰባት ኹበር ድረስ ተኝታ ትመጣለች። ደከማት እንል ነበር።

አንድ ማክሰኞ እትዬ ደማም ጨርቅ ሊገዙ ፈልገው «እግረ መንገዴን ከልጅቷ ጋር ልሂድ፣ ከእሷው ጋር እመለሳለሁ» አሉ። ጭራሽ አንድ ወንበር ላይ! ግን ጎረቤት ናቸው፣ እምቢ አይባልም። ልጄን ቁርኣን ቀራሁባትና ላክኋት።

ሲመለሱ መጀመሪያ የወረዱት እትዬ ናቸው። የመኪናውን በር ይዘው መሬት ላይ አስታወኩ። ባሌ ልጅቷን ታቅፎ ወረደ። እኔ ወደ ልጄ ስሮጥ ሴትዮዋ ክንዴን ጨመደዱኝ።

«መኪናው ነው!» አሉ፣ እያለከለኩ። «ልጅቷን እየገደላት ያለው ይሄ መኪና ነው! እግሬን ሲሞቀኝ፣ ሲሞቀኝ፣ ምንድን ነው ብዬ ምንጣፉን ብገልጠው አስፋልቱ ሲሮጥ አየሁት። ጭሱ በዚያ ነው የሚገባው።»

ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ጨመሩልኝ፦ «ሻይሽን ለምን እንደምታጠጪኝ ያላወቅሁ መሰለሽ? እኔ ዓይን የለብኝም። እናንተ ግን አፍንጫ የላችሁም።»

እውነት ለመናገር፣ ዛሬም ቢሆን ማሻአላህ ማለት ነበረባቸው እላለሁ። ግን የዚያን ቀን እግራቸው ላይ ብወድቅ ደስ ባለኝ ነበር።

ባሌ ምንጣፉን ነቅሎ አየው። ወለሉ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተበልቷል። የባሕሩ ጨው ኹበር ውስጥ የማይበላው ብረት የለም። ከሥሩ ደግሞ እኛ ማርሚታ የምንለው፣ እዚህ ሸክማን የሚሉት የጭስ ማውጫ ልክ ልጄ ከምትተኛበት ሥር ተቀዷል። ባሌ እጁን በቀዳዳው አሾልኮ ሲያወጣው ጥላሸት ብቻ ነበር። እጁን አየው፣ ልጅቷን አየ። ልብሴን ላጥብ ብሎ ገባና ብዙ ቆየ። ሲያለቅስ ሰማሁት፤ አልገባሁበትም።

«ውሰደውና አስበይደው» ልትሉ ትችላላችሁ። እኔም ብያለሁ። ጋራዦቹ ያሉበት ሰፈር ግን አንድ መግቢያ ነው ያለው፤ እዚያ በር ላይ ያን ሰሞን ፍተሻ ቆሟል። ኢቃማው ያለቀ ሰው ከተያዘ ተርሂል፣ እስር ቤቱ ማለት ነው፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ አገር ቤት ይባረራል። ባሌ ከተባረረ እኔና ልጄ ምን እንሆናለን? ሰው እንላክ ብንል የምናውቀው ሁሉ እንደ እኛው ነው፣ ወረቀቱ ያለቀበት። ታክሲ በየቀኑ የሚታሰብ አይደለም። ረቡዕና ሐሙስ አንድ የሰፈር ሰው አላህ ይስጠውና አደረሳት። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ጂዳ ተጓዥ ነው። እሑድ ጠዋት ልጅቷ ትምህርት ቤት መገኘት አለባት። እኔ ደግሞ ልጄን ወደዚያ መኪና አላስገባም ብዬ ምያለሁ።

«ራሴ እሠራዋለሁ» አለ ባሌ።

«አንተ? የቧንቧ ክዳን ስትሠራ ቤቱን ያጥለቀለቅኸው ሰውዬ?»

«ሌላ ሰው ካለሽ ጥሪያ!»

የለኝም። ጁምዓ ሰግዶ እንደተመለሰ መኪናዋን ግቢ ውስጥ በክሪክ አንሥቶ ብሎኬት አስደገፋትና ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ገባ። እኔ ባትሪ ይዤ ከጎኑ ተጋደምኩ። ዝገቱ ዐይኑ ውስጥ እየረገፈ፣ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ቧንቧውን ሲፈገፍግ ዋለ። እሳት የሚችል ማጣበቂያ ከሰፈሩ ሱቅ አገኘን። የሚጠቀልልበት ቆርቆሮ ግን አልነበረንም። ኩሽና ገብቼ ያለችንን አንድ ትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ አየኋት። ዱቄቱን ፌስታል ውስጥ ገለበጥኩና ጣሳዋን ሰጠሁት። በመቀስ ሰንጥቆ ዘረጋት፣ ቧንቧው ላይ ጠቀለላት፣ በሽቦ አሰራት። ላሟ የተሳለችበት ፊት ወደ ውጭ ሆነና እላያችን ላይ ፈገግ ብላ ታየናለች። አላስችል አለኝና ሳቅኩ። እሱም ሳቀ።

መኪናዋ ስትነሣ ግን ጉድ ፈላ። ባሌ የጭሱን መውጫ በእርጥብ ጨርቅ አፍኖ «ስሚ» ሲለኝ፣ ጣሳው ሥር ፍሽሽሽ የሚል ድምፅ ወጣ። ማጣበቂያው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ተገነጠለ። የቀኑ ድካም ሁሉ ገደል ገባ። ባሌ መፍቻውን ግቢው መሀል ወረወረው።

«ኸላስ! ኸላስ፣ አልችልም! ኹሩጅ አውጥተን አገራችን እንግባ!» ብሎ ጮኸ፤ የመውጫ ቪዛውን ማለቱ ነው።

«ኹሩጁን የሚሰጥህ ማን ነው? ያው ቡክራ የሚለው ካፊልህ አይደለም እንዴ?»

መግባትም አንችልም፣ መውጣትም አንችልም። ልጄ መስኮት ላይ ቆማ ታየናለች። «ማማ፣ ባባ ተናደደ?» አለችኝ። «አልተናደደም፣ ደክሞት ነው» አልኩና ፊቴን አዞርኩ። ያ ረቢ፣ አንድ ቧንቧ! የሰው ልጅ ሕይወት በአንድ የዛገ ቧንቧ እንዲህ ይታሰራል?

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ መጡ። በእጃቸው ሌላ የወተት ጣሳ ይዘዋል፣ የመርፌ መሣሪያቸውን ይይዙበት የነበረውን። «ዕቃዬን ገለበጥኩት፣ እንካ» ብለው ለባሌ ሰጡት። ባሌም አዳሩን ሲያስብ ቆይቶ ኖሮ መጀመሪያ ማጣበቂያውን ቀብቶ፣ ጣሳውን ጠቅልሎ፣ በላዩ ሌላውን ጣሳ ደርቦ፣ የውሃ ጎማ የሚታሰርባቸውን የብረት ቀለበቶች በቁልፍ አጠበቀ። ወለሉንም በተረፈው ቆርቆሮ ደፈነው። ፀሐዩ ላይ እስኪደርቅ ጠበቅን። ከቀትር በኋላ ዐስር ሶላት እንደተሰገደ አስነሣት፣ የጭሱን መውጫ በጨርቅ አፈነ፣ ሁለታችንም ጆሮአችንን ጣልን። ጸጥ።

«አልሃምዱሊላህ!» አለ።

«ምኑ ነው አልሃምዱሊላህ?» አልኩት። «ያም ጊዜ ድምፅ አልነበረውም። ሽታውንም ሽቶህ ሸፍኖት ነበር። ልጄ ግን ልትሞት ነበር። ልጄን መሞከሪያ አላደርጋትም።»

«ታዲያ በምን ይሞከር? የሰፈሩን ድመት ላስገባ?»

«አስገባ!»

ድመት ማን ይይዛል? ትንሽ አሰበና ፎጣ አመጣ። በእሱ በኩል ያለውን የማይዘጋ መስታወት በፎጣው ወተፈው። ኋላ ገባ፣ ልጅቷ የምትተኛበት ቦታ ላይ ተቀመጠ፣ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ሞተሩ እየሠራ ነው። ነገሩ ሲገባኝ በሩን እየደበደብኩ «ውጣ! አብደሃል እንዴ? ውጣ!» አልኩት። በመስታወቱ ውስጥ ረጋ ብሎ፣ ደማም የሚያደርሰውን ያህል እቀመጣለሁ፣ ራሴን ካላመመኝ ደህና ነው ማለት ነው አለኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ካመመህስ?» «አንቺ አለሽ አይደል?» አለ።

ኩሽና ሮጬ የናሱን ዘነዘና አመጣሁ። መስታወቱን ባንኳኳሁ ቁጥር እጁን እንዲያነሣ ተስማማን። እንግዲህ ቆምኩ። ልጄን እትዬ ይዘዋት ገብተዋል። አንኳኳለሁ፣ እጁን ያነሣል። አንኳኳለሁ፣ ያነሣል። ፊቱ በላብ ተነክሯል። ሱረቱል ፋቲሓን ስጀምር መሀሉ ይጠፋኛል፤ ዕድሜ ልኬን የቀራሁት! አምላኬ፣ ልጄን አድን ስልህ ባሌን ውሰድ ማለቴ አይደለም አልኩ፣ ጮክ ብዬ። አንኳኳሁ፣ ቀስ ብሎ አነሣ። አንኳኳሁ።

አላነሣም።

አሁንም አንኳኳሁ። ራሱ ወደ ደረቱ ወድቋል።

ዘነዘናውን በሁለት እጄ አንሥቼ መስታወቱን አወረድኩት። እንደ ጨው ተፈርክሶ እላዩ ላይ ፈሰሰ። ባሌ ዘሎ ተነሣ።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ! እንቅልፍ ወስዶኝ እኮ ነው! ከሐሙስ ጀምሮ መቼ ተኛሁ?»

«ልጅቷም እንቅልፍ ነበር የሚወስዳት!» ብዬ ጮህኩ።

«ራስህን አሞሃል?» አልኩት።

«መስታወት አናቴ ላይ አርግፈሽ አሞሃል ወይ ትያለሽ?»

እትዬ ጩኸቱን ሰምተው ወጡ። ቀዳዳውን አዩት፣ እጃቸውን በመስኮቱ አስገብተው አወጡ። «እሰይ» አሉ። «አሁን ገና ይሄ መኪና ተነፈሰ።»

ባሌ ወረደ። የመስታወት ፍርፋሪ ከፀጉሩ እያራገፈ መኪናዋን ዞራት። ያቺ ሽቶ የሚረጭላት፣ ጭረት ሲያይባት ምሳ የማይበላላት መኪና! ከእጄ ላይ ዘነዘናውን ወሰደ። በወዲያኛው በኩል ሄዶ ደህና የነበረውን ሌላውን የኋላ መስኮት በአንድ ምት አወረደው። ከዚያ መጥረጊያ አምጥቶ ወንበሩን መጥረግ ጀመረ። አገዝኩት። ፍርፋሪ እንዳይወጋት በእጃችን እየዳበስን መሸብን።

እሑድ ጠዋት ልጄን ፊቷን በሻሽ ጠቅልዬ በዚያ መስኮት አልባ መኪና አሳፈርኳት። ሰዓቱ አልሄድ አለኝ። ሊደርሱ ሲሉ በሩን ከፍቼ ስጠብቅ ወለሉን አጥቤው ነበር፤ ትተኛበታለች ብዬ።

ልጄ ስትገባ አፈር መስላለች። ሽፋሽፍቷ ሳይቀር አቧራ ነው፤ እትዬ ገመድ ያሉት ፀጉሯ ቆሞ ቁጥቋጦ ሆኗል። ላብ ፊቷ ላይ መስመር መስመር ሠርቷል። በሩ ላይ ቦርሳዋን ጣለች። ወለሉ ላይ እስክትወድቅ ጠበቅሁ።

«ማማ፣ ራበኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ራበኝ! ምን አለ?»

ምንም የለም። ምሳ የማትበላ ልጅ ነበረችኝና ድስት መጣድ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ኩሽና ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ያገኘሁት ደረቅ ዳቦና በፌስታል ያለ የወተት ዱቄት ነው። ወተቱን በጠበጥኩ። ቆማ በላች። እየበላች ስለ ትምህርት ቤቷ በአማርኛ ትለፈልፋለች፣ አፏ ሞልቶ። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ «አየሽ? ጣሳው ይዟል» አለኝ። እኔ ደግሞ መስኮቱ ነው አልኩት። እስከ ዛሬ አልተስማማንም። የዚያን ቀን ግን ልጄ ባዶውን ብርጭቆ ዘርግታ «ጨምሪልኝ» ስትለኝ ሁለታችንም እኩል እጃችንን ወደ ብርጭቆው ዘረጋን።